እማኝ የሚሆነው ቆሞ ያየ ነው



በቅርቡ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ እባክዎ ይህን ልጄን ይምከሩልኝ። ሃፍጋና በተባለ ቁጥር ይሄዳል። መሄዱስ ይሁን፤ ፔሌፎኑን አውጥቶ ፖሊሶቹን ይቀርጻል። እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ፖሊስ በተቆጣ ጊዜ አንገትን ደፍቶ ማለፍ አይሻልም?» ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። «እማዬ፣ ካልቀረጽን ማን ያምነናል?» አላቸው። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ እኔ ይመለከት ጀመር። እኔም «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» የሚል፣ ማንንም የማይጠቅም መልስ ሰጥቼ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍኩ።

ያ መልስ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እናቲቱ የሚፈሩት የሌለ ነገር አይደለም። የልጁም ንግግር የልጅነት ድፍረት ብቻ አይደለም፤ እኛ በዚህ አገር ያሳለፍነውን የሠላሳ ዓመት ታሪክ በአንዲት ጥያቄ ጠቅልሎ ነው ያቀረበው። ስለዚህ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ዛሬ በዚህ ዓምድ እመልሳለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ከኢትዮጵያ የመጣው ወገናችን በየጊዜው የሚለግሰው ደም፣ ሳይነገረው በምስጢር ይደፋ እንደነበር «ማዓሪቭ» ጋዜጣ አወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን፣ አሥር ሺህ ያህል ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰበ። በዚያ ቀን አስለቃሽ ጭስ ነበር፣ የውሃ መርጫ ነበር፣ የጎማ ጥይት ነበር፤ ከኛ ወገን ድንጋይም ተወርውሯል። ከሰልፈኛውም ከፖሊሱም ብዙ ሰው ተጎዳ።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የማስታውሰው ነገር ቢኖር ካሜራው ሁሉ የሌላ ሰው እንደነበር ነው። ካሜራ የያዘው የጋዜጣና የቴሌቪዥን ሰው ነው፤ የትኛው ደቂቃ እንደሚታይና የትኛው እንደሚቆረጥ የሚወስነውም እሱ ነው። አንድ ወጣት ድንጋይ ሲወረውር ከታየ፣ ከዚያ ድንጋይ በፊት የሆነውን የምናሳይበት አንዳች ነገር በእጃችን አልነበረም። ስለ ደሙ በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በሰልፉ ላይ የተመታው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ አፉና ከገዛ ቁስሉ ሌላ የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። አፉም ቢሆን ዕብራይስጥ ገና ያልፈታ አፍ ነበር። ዱላ የቀመሱ ሽማግሌ የደረሰባቸውን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ተናግረው፣ ልጃቸው በተሰባበረ ዕብራይስጥ ሲተረጉምላቸው፣ በወዲያኛው ወገን ደግሞ ፖሊሱ በጠራ ቋንቋ የጻፈው ሪፖርት ሲቀመጥ፣ የትኛው እንደሚታመን መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ 2015 እንለፍ። ኤፕሪል 26 ቀን ዳማስ ፓካዳ የተባለ ወታደር፣ የጻሃልን ልብስ ለብሶ፣ ብስክሌቱን ይዞ በሆሎን ከተማ መንገድ ላይ ሳለ አንድ ፖሊስ አስቆመው፤ ገፈተረው፤ መታው፤ ሌላ ፖሊስም ተጨመረ። መጀመሪያ ተጠርጥሮ የተያዘው የተመታው ወታደር ራሱ እንደነበር አትርሱ፦ ፖሊስን መትቷል ተብሎ ነው። በዚያ ቦታ ግን የጥበቃ ካሜራ ነበር። ካሜራው የተተከለው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሱ ወታደሩም ፖሊሱም አንድ ናቸው። የቀረጸው ፊልም ወጣና ከስልክ ወደ ስልክ፣ በፌስቡክና በዋትስአፕ፣ በአንድ ቀን ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። አያቶቻችን ሳይቀሩ በልጅ ልጆቻቸው ስልክ አዩት። ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ወታደሩ ተለቀቀ፤ በሜይ 4 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተቀብለው አነጋገሩት።

ያ ካሜራ አቅጣጫው በትንሹ ዞር ብሎ ቢሆን ኖሮስ? አንድ ወታደር ፖሊስን መትቷል ተብሎ ተከሶ፣ የወንጀል መዝገብ ተከፍቶበት፣ ሥራ በፈለገ ቁጥር መዝገቡ እየተጠቀሰበት ይኖር ነበር። እኛም «ምን አድርጎ ይሆን?» ብለን እናልፈው ነበር። አዎን፣ እኛም። በየቤታችን ልጅ ሲታሰር መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ እንደሆነ አንካድ።

ፊልሙ ያስነሣው ቁጣ በኤፕሪል 30 በኢየሩሳሌም፣ በሜይ 3 ደግሞ በቴል አቪቭ አደባባይ ወጣ። በቴል አቪቭ ሰልፈኛው የአያሎንን አውራ ጎዳና ለሰዓታት ዘጋ፤ ማታ በራቢን አደባባይ ፈረሰኛ ፖሊስ፣ የውሃ መርጫና የድንጋጤ ቦምብ መጣበት። ከፖሊሱም ከሰልፈኛውም ብዙ ሰው ቆሰለ። ከ1996 የሚለየው ምን ነበር? ዱላው አልተለየም። የተለየው በአደባባዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ስልክ ከፍ ብሎ መታየቱ ነው። አንዱ የቀረጸው ከፊት ነው፣ ሌላው ከጎን፣ ሌላው ከፎቅ መስኮት። የማታው ዜና ከመጀመሩ በፊት ሰው በየቤቱ ሆኖ አይቶ ጨርሷል። የዜና ሰዎች ራሳቸው ከወጣቶቻችን ስልክ ፊልም ይለምኑ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳችን ዓይን የታየውን አገሩ ከራሳችን እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም።

በዚያው ዓመት በጁን ወር የመንግሥቱ የሕግ አማካሪ በወታደሩ ጉዳይ ፖሊሱን በወንጀል ላለመክሰስ ወሰኑ፤ መዝገቡ ተዘጋ። አገር ሁሉ ያየው ፊልም ለክስ አልበቃም። ብዙ ወጣቶች ያን ቀን ተስፋ ቆረጡ፤ «አይተውም አላዩም» አሉ። በሌላ በኩል ያው ፊልምና እሱ ያስነሣው ሰልፍ የፓልሞርን ኮሚቴ ወለደ። ኮሚቴው በ2016 ባወጣው ዘገባ በኛ ላይ የሚፈጸመው ዘረኝነት የሚታወቅና ያለ ነገር መሆኑን በመንግሥት ወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ከ50 በላይ የማሻሻያ ሐሳብም አቀረበ። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ዘገባው በወጣ ማግሥት፣ በኦገስት 2016፣ የዚያን ጊዜ የፖሊስ ዋና አዛዥ፣ ፖሊስ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰው አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነገር ነው የሚል ቃል በአደባባይ ተናገሩ። ይህም ቃል በኢንተርኔት ዞረ፤ እኛ ስንለው የኖርነውን ከራሳቸው አፍ ስለሰማነው ማስተባበያ አላስፈለገውም።

እንግዲህ ፊልም ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም? ይህን ለማየት ጥቂት ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ በዚያ አገር ሁለት ፊልሞች አሉና።

በማርች 1991 በሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው ከበው በዱላ ሲደበድቡት፣ በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው ከበረንዳው ሆኖ በቤት ካሜራ ቀረጻቸው። ካሴቱን ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰጠ፤ ዓለም አየው። በኤፕሪል 1992 ግን የሸንጎው ዳኞች ፖሊሶቹን ጥፋተኛ አላሏቸውም። የፖሊሶቹ ጠበቆች ያንኑ ፊልም ወስደው፣ ቀስ እያደረጉ፣ እየቆረጡ፣ እያንዳንዷን ምት «ይህች ለመከላከል ናት፣ ይህች ትእዛዝ ስላልሰማ ናት» እያሉ ተረጎሙት። ምስሉ በራሱ አይናገርም፤ ተርጓሚ ይፈልጋል። በከተማው በተነሣው ብጥብጥ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ከፖሊሶቹ ሁለቱ የተፈረደባቸው በሌላ ፍርድ ቤት፣ በ1993 ነው።

በሜይ 2020 ደግሞ በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ፖሊስ በጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ ተንበርክኮ ከ9 ደቂቃ በላይ ቆየ፤ ሰውየው ሞተ። የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው በቁጥጥር ላይ ሳለ የጤና ችግር ደርሶበት እንደሞተ የሚያስመስል ነበር። ነገር ግን መንገድ ዳር ቆማ የነበረች የ17 ዓመት ልጃገረድ ሁሉንም በስልኳ ቀርጻ ነበርና ያንኑ ሌሊት በፌስቡክ አወጣችው። መግለጫው አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ልጅቷ በዚያ አላበቃችም። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ቀርባ፣ «በዚያ ነበርኩ፣ እኔ ነኝ የቀረጽኩት፣ ያየሁት ይህን ነው» ብላ መሰከረች። ሌሎች ያዩትም መሰከሩ። ፖሊሱ በኤፕሪል 2021 ጥፋተኛ ተባለ።

የሁለቱ ሸንጎዎች ውጤት የተለያየበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር መመለስ አይቻልም። ለኛ የሚጠቅመውን አንዱን ግን ልብ እንበል፦ በሁለተኛው ጊዜ ፊልሙ ብቻውን አልተላከም፤ ከፊልሙ ጋር ሰው መጣ።

ይህ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ባደግንበት አገር፣ ሰው መንገድ ላይ ሲበደል ምን ብሎ ይጮኽ ነበር? «እማኝ ሁኑኝ!» ነበር የሚለው። ይህን የሰማ መንገደኛ፣ ገበያተኛም ይሁን ከብት ነጂ፣ ዘመድ ባይሆንም ቆሞ ያያል። በኋላ ዳኛ ፊት ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» አይልም፤ ይቀርባል፤ ያየውን ይናገራል። እማኝ የተባለው ተበዳዩ አይደለም፤ ቆሞ ያየው ነው። ኦሪታችንም ቢሆን አንድን ሰው በአንድ ምስክር ብቻ አትፈርድበትም፤ ሁለትና ሦስት ትፈልጋለች። ኢንተርኔት የሠራልን ነገር ቢኖር ያን ጩኸት ከአንድ መንገድ ወደ አገር ሁሉ ማድረሱ ነው። እማኙን ግን ከመቅረብ ነፃ አላወጣውም።

እዚህ ላይ ነው የእናቲቱና የልጁ ክርክር የሚፈታው። እናቲቱ ልክ ናቸው፦ ፖሊስ ያስቆመው ልጅ፣ ወይም በሰልፍ ላይ ፖሊስ የያዘው ልጅ፣ ራሱ እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ስልክ ማውጣት የለበትም። የተቆጣና የፈራ ፖሊስ ከኪስ የሚወጣውን ነገር ምን እንደሆነ አያጣራም። እሱ እጁን ያሳይ፣ ዝም ይበል፣ ስሙን ይናገር። ልጁም ልክ ነው፦ መቀረጽ አለበት። የሚቀርጸው ግን ሌላው ነው፤ ጓደኛው፣ ጎረቤቱ፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣው ሴት፣ ከአውቶቡስ የወረዱት ሽማግሌ። ከጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ሳይሳደብ፣ መንገድ ሳይዘጋ። ልጆቻችንን ብቻ «ቅረጹ» ወይም «አትቅረጹ» እያልን የኖርነው እኛ ወላጆች፣ ሥራው የኛም እንደሆነ ረስተን ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። በዚህ አገር በአደባባይ ሥራውን የሚሠራን ፖሊስ መቅረጽ አይከለከልም። የሚከለከለው ሥራውን ማደናቀፍ ነው። ስለዚህ «ወደ ኋላ ሂድ» ከተባለ ወደ ኋላ ሄዶ ከዚያ መቅረጽ ነው። «ቪዲዮውን አጥፋው» ብሎ ማዘዝ የፖሊስ ሥልጣን አይደለም፤ ስልክ ከፍቶ ውስጡን ለመበርበርም የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ልብስ የለበሰ ፖሊስ ስሙ ደረቱ ላይ መታየት አለበት፤ ስሙ ከታየ በፊልሙ ውስጥ ይግባ፣ ካልታየ ደግሞ አለመታየቱ ይግባ። ይህን ሁሉ አውቆም ቢሆን፣ ስልኩን በኃይል ሊነጥቅ ከመጣ ፖሊስ ጋር መታገል አይገባም። ስልክ ይተካል።

አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር ልናገር። ወጣቶቻችን መቅረጽ ያውቃሉ፤ ማስቀመጥ ግን አያውቁም። ፊልሙን በዋትስአፕ ለመቶ ሰው ይልካሉ፤ ዋናውን ከስልካቸው ያጠፋሉ፤ «ቦታ ያዘብኝ» ይላሉ። በዋትስአፕ የተላከ ፊልም ይጨመቃል፤ ጥራቱ ይቀንሳል፤ መቼና የት እንደተቀረጸ ስልኩ በፋይሉ ውስጥ የጻፈው ምልክትም ይጠፋል። ከስድስት ወር በኋላ ጠበቃ ሲጠይቅ ያለው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የደበዘዘ፣ በላዩ ላይ ዘፈን የተጨመረበት፣ ማን እንደቀረጸው የማይታወቅ ቁራጭ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክም ቢሆኑ የኛ ግምጃ ቤት አይደሉም፤ ዱላና ደም ያለበትን ፊልም ሲፈልጉ ያነሡታል። ዋናው ፋይል ሳይቆረጥ በኮምፒውተር ላይ ወይም በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ከሱ ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም፣ የቀረጸው ሰው ስም በወረቀት ይጻፍ። የሱቅና የሕንጻ ካሜራዎች የቀረጹትም ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በላዩ ላይ ሌላ ይቀረጽበታል፤ ስለዚህ በማግሥቱ ሄዶ ባለሱቁን «እባክህ አታጥፋው» ማለት፣ ወዲያውም ለጠበቃ መንገር ያስፈልጋል። የወታደሩን እውነት ያወጣው እንዲህ ያለ ካሜራ እንደነበር እናስታውስ።

ፖሊሶች ዛሬ በደረታቸው ላይ ካሜራ ይይዛሉ፤ መያዛቸው መልካም ነው፣ ሲጠየቅም የኖረ ነገር ነው። ነገር ግን የሚያበራውም የሚያጠፋውም ፖሊሱ ነው፤ ፊልሙም የሚቀመጠው በፖሊስ እጅ ነው። ስለዚህ የነሱ ካሜራ መኖሩ የኛን አያስቀርም።

ከዚያስ? ከዚያ አቤቱታ ነው። በፖሊስ የኃይል ድርጊት ላይ አቤቱታ የሚቀበለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ማሐሽ ነው፤ በኢንተርኔትም ይቀበላል። ማሐሽ ብዙ መዝገብ ይዘጋል፤ ይህን ማንም ያውቃል፣ ወገኖቻችን በሱ ላይ እምነት ማጣታቸውም አይፈረድባቸውም። ቢሆንም ያልቀረበ አቤቱታ የለም ማለት ነው። መዝገቡ ሲዘጋ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለዚያም የተወሰነ ጊዜ አለውና ደብዳቤው በደረሰ ቀን ወደ ጠበቃ መሄድ ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ያየውና አንድም ሰው አቤቱታ ያላስገባበት ፊልም ከሳምንት በኋላ ሌላ ፊልም ይሸፍነዋል።

ስለ ራሳችንም እንናገር። በጃንዋሪ 2019 በባት ያም ይሁዳ ቢያድጋ የተባለ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ወጣት በፖሊስ ጥይት ሞተ። በጁን 30 ቀን በዚያው ዓመት በቅርያት ሐይም ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ አገሩ ሁሉ በሰልፍ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ከመቶ በላይ ሰው ታሠረ፤ ከመቶ በላይ ፖሊስም ተጎዳ። ሰልፈኛ ሲመታ የሚያሳዩ ፊልሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው የሚቃጠል መኪና ፊልም ነው። መኪናውን ያቃጠሉት እፍኝ ሰዎች ለሟቹ ቤተሰብ ምን እንዳተረፉለት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኢንተርኔት የኛን በደል ብቻ አይመርጥም፤ ጥፋታችንንም በዚያው ፍጥነት ይወስዳል። ፖሊስም ያንኑ ፊልም ቁጭ ብሎ ያያል፤ ፊት ይለያል፤ በማግሥቱ ቤት ያንኳኳል። ስለዚህ ሰልፍ ላይ የቀረጻችሁትን ስታወጡ የጓደኞቻችሁን ፊት፣ በተለይም ዕድሜያቸው ያልደረሰውን ልጆች ፊት፣ ሸፍኑ። ያልተሸፈነው ዋናው ፋይል በናንተና በጠበቃው እጅ ይቆይ። ፖሊስ ነው ብሎ ስም ጠርቶ መሳደብ፣ ያልተጣራ ውንጀላ መጻፍም በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን ተወው።

ሌላም አለ። የሞተ ልጅ አስከሬን የሚታይበትን ምስል እናቱ ሳትረዳ በስልኳ ላይ እንዲደርሳት አታድርጉ። እኛ መርዶ በምን ሰዓትና በማን አፍ እንደሚነገር የምናውቅ ሕዝብ ነን።

አንድ ነገር ላስታውስና ላብቃ። በ2015 ከአያሎን ስንመለስ በሥራ ቦታም በጎረቤትም «እናንተ ባትጀምሩ ፖሊስ ለምን ይመታችኋል?» ይሉን ነበር። በማርች 1 ቀን 2023 በቴል አቪቭ ልዩ ልዩ ዓይነት ዜጎች የመንግሥትን የፍርድ ቤት ለውጥ ተቃውመው መንገድ ሲዘጉ፣ በነሱም ላይ ፈረሰኛ፣ የውሃ መርጫና የድንጋጤ ቦምብ መጣ፤ አንድ ሰልፈኛ ጆሮው ተጎዳ። ያን ሳምንት ያው ጎረቤቶቻችን ስልካቸውን ይዘው «ይህን አይታችኋል?» እያሉ ያሳዩን ጀመር። አይተናል፤ ከስምንት ዓመት በፊት አይተናል። አንዳንዶቻችን በዚህ የተደሰተ አለ፤ እኔ አልተደሰትኩም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ስለ ፖሊስ ዱላ ስንናገር የሚሰማን ጆሮ በዝቷል፤ በዚህ መጠቀም ይገባናል።

በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የ2015ና የ2019 አሮጌ ስልኮች አሉ። ስክሪናቸው የተሰነጠቀ፣ ባትሪያቸው ያበጠ። በውስጣቸው ማንም ያላያቸው ፊልሞች ሊኖሩ ይችላሉ። ጨርሰው ሳይሞቱ ልጆቻችሁ ገልብጠው ያስቀምጡላችሁ። በ1996 ስለሆነው ነገር እኛ ለልጆቻችን የምናሳያቸው የለንም፤ የምንነግራቸው ብቻ ነው ያለን።

እኚያን እናት ባለፈው ሳምንት በገበያ አገኘኋቸውና ከዚህ በላይ የጻፍኩትን በአጭሩ ነገርኳቸው። «እኔ እኮ መቅረጽ አልችልም» አሉኝ። ልጃቸው ቅዳሜ ከወጣ በኋላ ማታ ቁጭ አድርጎ አስተምሯቸዋል፤ የመጀመሪያ ፊልማቸው ግማሹ የገዛ አውራ ጣታቸው ነው፣ ግማሹ ከበረንዳቸው በታች ያለው መንገድ። ሊያሳዩኝ ስልካቸውን አውጥተው እያዩ፣ «ይኸውልዎ፣ ይሁን፣ አየሁ ልበል። ከዚያስ ወዴት ነው የምወስደው?» ብለው ጠየቁኝ። በደረሰኝ ጀርባ ላይ የማሐሽን አድራሻና የአንዲት ጠበቃ ስልክ ጻፍኩላቸው።